የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማራቶን ቡድን ምርጫ

የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማራቶን ቡድን ምርጫ በኦሎምፒክ ማራቶን አገሪቱን ወክለው የሚሮጡ አትሌቶች የሚለዩበት ሂደት ነው። በአሁኑ ደንብ አንድ አገር በወንዶችም በሴቶችም ከሦስት በላይ ሯጭ ማሰለፍ አይችልም። በኢትዮጵያ ሚኒማ የሚያሟሉ የማራቶን ሯጮች ቁጥር ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ በየአራት ዓመቱ ከቡድኑ ውጪ የሚቀሩት ብቻቸውን ሌላ ጠንካራ ቡድን ሊወጣቸው ይችላል። የምርጫው ታሪክ ትልልቅ ስኬቶችና ከዚያ ያላነሱ ስህተቶች አሉበት። ከወርቅ ሜዳሊያዎቹ መካከል ቢያንስ አንዱን ያገኘው በመጀመሪያው ዝርዝር በተጠባባቂነት የተያዘ አትሌት ሲሆን፣ በተቃራኒው ሦስቱም ተመራጮች ውድድሩን ሳይጨርሱ የወጡባቸው ሁለት ኦሎምፒኮች አሉ።

በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሰጥተዋል፤ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ የጎርጎርዮሱ ዓመት በእ.ኤ.አ. ተጠቅሷል።

የምርጫው ችግር

የመቶ ሜትር ወይም የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ በአንድ የውድድር ወቅት ብዙ ጊዜ ይሮጣልና መራጮች አቋሙን በቅርብ ሊከታተሉ ይችላሉ። ማራቶን ግን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ስለሆነ አንድ አትሌት በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ በሙሉ ኃይሉ አይሮጠውም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ለሚደረግ የኦሎምፒክ ውድድር የሚመረጠው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በጥር በዱባይ ወይም በሚያዝያ በሮተርዳም፣ በለንደን ወይም በቦስተን ባስመዘገበው ውጤት ነው። በጥር የታየው ብቃት እስከ ነሐሴ መቆየቱን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ሁለተኛው ችግር የውድድሮቹ ዓይነት ነው። ዱባይ፣ ሮተርዳም፣ በርሊንና ቫሌንሲያ ሜዳማ ናቸው፤ አየሩ ቀዝቃዛ በሆነ ሰዓት ይሮጣል፤ አሯሯጮች እስከ ሰላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነቱን ይጠብቃሉ። በኦሎምፒክ አሯሯጭ የለም። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ፍጥነቱ ይለዋወጣል፤ የሚፈለገውም ሜዳሊያ እንጂ ሰዓት አይደለም። በአንደኛው የበረታ በሌላኛው ይበረታል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በታች የቀረቡት ውጤቶች ያሳያሉ።

ሮማ 1952

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን ነው። በዚያ ማራቶን የሮጡት ሁለት ኢትዮጵያውያን ከፊተኞቹ ተርታ አልገቡም። ለቀጣዩ የሮማ ኦሎምፒክ ቡድኑን ያዘጋጀው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበር። በዘመኑ ከሁሉ የታወቀው ሯጭ ወታደሩ ዋሚ ቢራቱ ስለነበር ቀዳሚ ተመራጭ ተደርጎ ይታይ ነበር። በሰፊው እንደሚነገረው ዋሚ በመጨረሻው ሰዓት መሄድ ሳይችል ቀረና የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ተተካ። ምክንያቱን አንዳንዶች ሕመም ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ኳስ ሲጫወት የደረሰበት የእግር ጉዳት ነው ይላሉ።

ታሪኩ የሚወደደው አበበን ማንም ያላሰበው ሰው ስለሚያደርገው ነው። ሰዓቶቹ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። አበበ በዚያው ክረምት በአዲስ አበባ ሁለት ማራቶኖችን አሸንፏል፤ ሁለተኛውን የጨረሰው በ2፡21፡23 ነው። ይህ ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን (2፡23፡03) የተሻለ ከመሆኑም በላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሮጠ ነው። ስለዚህ አበበ ለውጭው ዓለም እንግዳ ቢሆንም በአዲስ አበባ ሰዓቱን የያዙለት ሰዎች ምን ዓይነት ሯጭ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2፡15፡16 አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። በዚያው ውድድር ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ መውጣቱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሁለት ሰዎች ብቻ አሰልፎ አንደኛና ሰባተኛ ማግኘት በየትኛውም መለኪያ የተዋጣለት ምርጫ ነው።

ትዕግሥት የጠየቀው ማሞ ወልዴ

በሜልቦርን ኦሎምፒክ ማሞ ወልዴ የሮጠው 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና የዱላ ቅብብል ሲሆን ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። በአንድ ውድድር ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ የኦሎምፒክ ታሪኩ በዚያ ያበቃ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን ገና በጊዜ አቋርጦ ወጣ። የዚያን ቀን ወርቁን የወሰደው ውድድሩ ከአምስት ሳምንት ገደማ በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አበበ ቢቂላ ነበር። ሰዓቱ 2፡12፡11 ነበር፤ ደምሴ ወልዴ ደግሞ አሥረኛ ወጣ። አበበን በዚያ ሁኔታ ማሰለፍ ዛሬ ባሉት የምርጫ መመሪያዎች ሊፈቀድ መቻሉ አጠራጣሪ ነው።

በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) በሜክሲኮ ሲቲ ሁኔታው ተገለበጠ። እግሩን ታሞ የተሰለፈው አበበ ከ17ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጠ። ማሞ ግን ጥቅምት 10 ቀን በ2፡20፡26 አሸነፈ። ከዚያ በፊት በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ ነበር። መራዊ ገብሩ ስድስተኛ ወጣ። ኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛ የማራቶን ወርቋን ያገኘችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በ800 ሜትር ወደ ኋላ በቀረ ሰው ነው። ማሞ ወደ 40 ዓመት ሲጠጋ በሙኒክ ኦሎምፒክ ደግሞ ነሐስ ጨመረ።

ምርጫ የሌለባቸው ዓመታት

በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያልን፣ በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስን፣ በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሶልን ኢትዮጵያ በፖለቲካ ምክንያት ሳትካፈል ቀረች። በመካከል ባለው የሞስኮ ኦሎምፒክ ደረጄ ነዲ ሰባተኛ ወጣ። የዚህ ዘመን ትልቁ ተጎጂ በላይነህ ዲንሳሞ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም 2፡06፡50 በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የሶል ኦሎምፒክ የተካሄደው ይህ በሆነ በአምስት ወር ውስጥ ነበር። የዓለም ፈጣኑን የማራቶን ሯጭ የያዘች አገር ማንንም አልላከችም።

ከአትላንታ እስከ ቤጂንግ

በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ፋጡማ ሮባ በ2፡26፡05 አሸንፋ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ በሲድኒ ገዛኸኝ አበራ በ2፡10፡11 ወርቅ፣ ተስፋዬ ቶላ ነሐስ አገኙ፤ በመካከላቸው የገባው ኬንያዊው ኤሪክ ዋይናይና ነበር። በወንዶች ማራቶን ሁለት ኢትዮጵያውያን በአንድ የኦሎምፒክ መድረክ ላይ የቆሙት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ለቤጂንግ ኦሎምፒክ ምርጫው ቀላል መሆን ነበረበት። ኃይሌ ገብረሥላሴ በዚያው ዓመት መስከረም በበርሊን 2፡04፡26 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ሆኖም አስም ስላለበት የከተማዋን የአየር ብክለት በመፍራት ማራቶኑን ትቶ በ10,000 ሜትር ተሰለፈ፤ ስድስተኛም ወጣ። ማራቶኑ ላይ ጸጋዬ ከበደ ሦስተኛ፣ ድሪባ መርጋ አራተኛ ሆኑ። ድሪባ እስከ መጨረሻው ገደማ የነሐሱን ቦታ ይዞ ቆይቶ የቀደመው የራሱ የቡድን ጓደኛ ነው። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2፡06፡32 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። የተፈራው የአየር ብክለት በውድድሩ ቀን ያን ያህል አልታየም። ኃይሌ ከአምስት ሳምንት በኋላ በበርሊን 2፡03፡59 ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። ይህን መራጮች አልተሳሳቱም፤ ውሳኔው የአትሌቱ ነበር።

ለንደን 2004፦ አንድ መለኪያ፣ ሁለት ውጤት

በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ምርጫው በዋናነት በፈጣን ሰዓት ላይ የተመሠረተ ነበር። በወንዶች የተመረጡት በጥር ወር ዱባይን በ2፡04፡23 ያሸነፈው አየለ አብሽሮ፣ በዚያው ውድድር በ2፡04፡50 ሁለተኛ የወጣው ዲኖ ሰፊርና በሮተርዳም ያንኑ 2፡04፡50 ያስመዘገበው ጌቱ ፈለቀ ናቸው። ፉክክሩ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ለማየት፣ በሮተርዳም ጌቱን በሁለት ሰከንድ የቀደመው የማነ ፀጋዬ አለመሰለፉን ማስታወስ ይበቃል። የቤጂንጉ የነሐስ ባለቤት ጸጋዬ ከበደም በሚያዝያ በለንደን ማራቶን ሦስተኛ ቢወጣም ሰዓቱ 2፡06፡52 ስለነበር ከዝርዝሩ ወጣ።

ሐምሌ 29 ቀን በሴቶች ማራቶን ቲኪ ገላና በ2፡23፡07 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። እርሷም የተመረጠችው በሰዓት ነው፤ በሮተርዳም 2፡18፡58 በመሮጥ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። በውድድሩ መሃል ውሃ መውሰጃው አካባቢ ወድቃ ተነሥታ ነው ያሸነፈችው። ከሳምንት በኋላ ነሐሴ 6 ቀን ሦስቱም ወንዶች አቋረጡ።

ወርቁን የወሰደው ዩጋንዳዊው ስቲቨን ኪፕሮቲች እስከዚያ ቀን የነበረው ምርጥ ሰዓት 2፡07፡20 ነበር። በዚያ ሰዓት በኢትዮጵያ ምርጫ ቢቀርብ ስሙ ለውይይት እንኳ አይነሣም ነበር። ጸጋዬ ከበደ በበኩሉ ከሁለት ወር በኋላ የቺካጎን ማራቶን በ2፡04፡38 በቦታው ክብረ ወሰን አሸነፈ። የማነ ፀጋዬም ከሦስት ዓመት በኋላ በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ብር አመጣ። ለፍትሕ ያህል፣ በዚያው ዓመት ኬንያም የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረውን ፓትሪክ ማካውን ትታ ነው የሄደችው፤ የመረጠቻቸው አቤል ኪሩይና ዊልሰን ኪፕሳንግ ግን ብርና ነሐስ ይዘው ተመለሱ።

ሪዮ 2008 እና የቀነኒሳ ጥያቄ

ለሪዮ የተመረጡት ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፈይሳ ሌሊሳ ናቸው። ተስፋዬ (2፡04፡24) እና ለሚ (2፡04፡33) በጥር በዱባይ አንደኛና ሁለተኛ ወጥተዋል፤ ለሚ በሚያዝያ ቦስተንንም አሸንፏል። ፈይሳ በየካቲት ቶኪዮን ያሸነፈው በ2፡06፡56 ስለነበር ከሦስቱ የዓመቱ ዝግተኛ ሰዓት የእርሱ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን ግን ሜዳሊያ ያገኘው እርሱ ነው፤ በ2፡09፡54 ከኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ገባ። ለሚ 13ኛ ሲወጣ ተስፋዬ አቋረጠ። ፈይሳ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ በኦሮሞ ሕዝብ ላይ ይፈጸም የነበረውን በደል ለመቃወም እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ማሳየቱ ከውጤቱ በላይ በዓለም ተሰማ። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። በሴቶች በኩል የዓለም ሻምፒዮኗ ማሬ ዲባባ ነሐስ፣ ትርፊ ፀጋዬ አራተኛ ደረጃ አገኙ።

ከቡድኑ ውጪ የቀረው ቀነኒሳ በቀለ ነበር። በትራክ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ቀነኒሳ በሚያዝያ በለንደን በ2፡06፡36 ሦስተኛ ወጥቶ ነበር፤ አለመመረጡንም በይፋ ተቃወመ። ሪዮ በተጠናቀቀ በአምስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በርሊንን በ2፡03፡03 አሸንፎ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። መራጮቹ ሊከራከሩ የሚችሉበት ነጥብ አለ፤ በሚያዝያ የነበረው ቀነኒሳ ከረጅም ጉዳት ገና በመመለስ ላይ የነበረ ሯጭ ነው። የበርሊኑን ቀነኒሳ በሚያዝያ ማየት አይቻልም ነበር።

የሰበታው ማጣሪያ

ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አሠራሩን ለወጠ። ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ውድድር ተካሄደ። አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት መንገድ ለዚህ ይቀርባል፦ በአንድ ቀን ማጣሪያ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ይሄዳሉ፤ ያለፈ ዝና አይቆጠርም። በሰበታ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ በቅደም ተከተል አሸነፉ። ቀነኒሳ በማጣሪያው ስላልሮጠ ለሁለተኛ ጊዜ ከማራቶን ቡድን ውጪ ሆነ።

በወረቀት ላይ ይህ ጥሩ ቡድን ነበር። ሹራ በዚያው ዓመት መስከረም ለንደንን አሸንፏል፤ ሌሊሳ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በዶሃ በእኩለ ሌሊት ሙቀት በተሮጠው ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሆኖም ነሐሴ 2 ቀን በሳፖሮ ሙቀትና ወበቅ ሦስቱም አቋረጡ። በሴቶች በኩል ሮዛ ደረጄ አራተኛ ወጣች። ሲሳይ ለማ ከሁለት ወር በኋላ ለንደንን በ2፡04፡01 ማሸነፉ የሯጮቹ ብቃት እንዳልጠፋ ያሳያል። የማጣሪያው ድክመት ምናልባት ሌላ ቦታ ነው፦ በቀዝቃዛው ደጋ የተሮጠ 35 ኪሎ ሜትር በሙቀት ስለሚሮጥ 42 ኪሎ ሜትር የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ከውድድሩ ሦስት ወር ሲቀረው ደግሞ አትሌቱን ያደክማል።

የዶሃው ሻምፒዮናም ለዚህ ሁለት ተቃራኒ ምስክር አለው። ሌሊሳና ሞስነት ገረመው በወንዶች ወርቅና ብር ሲያመጡ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ የተሰለፉት ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች በሙሉ በሙቀቱ አቋርጠዋል።

ፓሪስ 2016፦ ተጠባባቂው

ለፓሪስ ኦሎምፒክ ወደ ሰዓትና ወደ ወቅታዊ ውጤት ተመለሰ። በወንዶች በኅዳር በቫሌንሲያ 2፡01፡48 የሮጠውና በሚያዝያ ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2፡04፡15 ሁለተኛ የወጣው ቀነኒሳ በቀለ ተመረጡ። ተጠባባቂ የተደረገው ታምራት ቶላ ነበር። ታምራት በ2014 ዓ.ም. በዩጂን በ2፡05፡36 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በዚያው 2016 ዓ.ም. በጥቅምት ደግሞ ኒውዮርክን በ2፡04፡58 በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈ አትሌት ነው። የኒውዮርክ ጎዳና ድልድይና አቀበት የሚበዛበት፣ አሯሯጭ የሌለበት ነው። የፓሪሱ ደግሞ ወደ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስና ጠቅላላ አቀበቱ ከ400 ሜትር የሚበልጥ ነበር። ጎዳናውን አስቀድሞ የተመለከተ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ለታምራት የሚስማማ ነው ቢል አይፈረድበትም ነበር።

ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሲሳይ በጉዳት ወጣና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ ብቻውን ወጥቶ በ2፡06፡26 አንደኛ ገባ፤ የዋንጂሩን የ16 ዓመት ክብረ ወሰን በስድስት ሰከንድ አሻሻለ። ቤልጂጋዊው በሽር አብዲ በ21 ሰከንድ ተከተለው። ደሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ። ይህ ከገዛኸኝ አበራ በኋላ በወንዶች ማራቶን የተገኘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ወርቅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ፈጅቷል። ሲሳይ ባይጎዳ ኖሮ ታምራት ውድድሩን በቴሌቪዥን ይከታተል ነበር።

በማግስቱ የተሮጠው የሴቶቹ ማራቶን ግን መራጮቹን የሚያስወቅስ አልነበረም። በበርሊን 2፡11፡53 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ትዕግስት አሰፋ ያለጥርጥር ቀዳሚ ተመራጭ ነበረች፤ በ2፡22፡58 ብር አገኘች። በሦስት ሰከንድ የቀደመቻት አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ናት። አማኔ በሪሶ አምስተኛ ወጣች።